የእንዝርት፣ የወስፌና የጓሮ ሥራ በሰንዳፋና በአዲስ አበባ ዙሪያ

የሸዋ ባላገር ታሪክ እስከ ዛሬ በብዛት የተጻፈው በሞፈርና በርስት በኩል ነው። መሬቱ የማን እንደ ነበረ፣ ግብሩ በምን ይከፈል እንደ ነበረ፣ ባላባቱ፣ መልከኛውና ጭሰኛው ምርቱን እንዴት ይካፈሉ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት መርምረውታል፤ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር»ም ለዚህ ዐይነቱ ምርምር ከዋና ዋናዎቹ መነሻዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በዚያው መሬት ላይ ከጎጆው በስተኋላና ከምድጃው አጠገብ የሚፈጸመው ሥራ ግን፣ ይኸውም ፈትሉ፣ ስፌቱ፣ የጎመኑና የሽንኩርቱ መደብ፣ የቅቤው ንጥ፣ እንደ ቤት ጣጣ እንጂ እንደ ታሪክ ስላልተቆጠረ በመጻሕፍቱ ውስጥ ያገኘው ቦታ ጥቂት ነው።

ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ እንደዚሁ ዋናውን ከተማ ከበው የቆሙ ናቸው። አገሩ ከጥንት የቱለማ ኦሮሞ አገር ሲሆን፣ በመንገዱና በገበያው ምክንያት አማራውም ጉራጌውም ሌላውም ተቀላቅሎ ይኖርበታል። በነዚህ ቦታዎች አንዲት የቤት እመቤት ልጅ ማሳደግን፣ ምግብ ማዘጋጀትን፣ የእጅ ሥራንና የጓሮ አትክልትን እንዴት አንድ ላይ ይዛ ትኖር እንደ ነበረ መመርመር፣ ከተማው በዙሪያው ያለውን ቤተሰብ ምን እንዳደረገው ለማወቅ ከሁሉ የቀረበ መንገድ ነው። የሚከተለው ዘመን ሁሉ፣ የአውሮፓ ነው ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጠ ነው።

ሞፈርና መኮትኮቻ

በደጋው አገር ሞፈር የሚጨብጥ ወንድ ነው። ሴት በአረም፣ በአጨዳና በአውድማ ትረዳለች እንጂ በሬ ጠምዳ አታርስም። ኤስተር ቦዝሩፕ የተባሉት የዴንማርክ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ የዓለምን የእርሻ አገሮች በዚህ ረገድ በሁለት ከፍለዋቸዋል። መሬቱ በመኮትኮቻና በዶማ በሚለማበት አገር ሴቲቱ ዋና ገበሬ ናት፤ በሞፈር በሚታረስበት አገር ግን ገበሬው ወንዱ ይሆንና ሴቲቱ ወደ ቤት ትገባለች። ይህ ክፍፍል ስለ ሰፊ አገሮች የተነገረ ቢሆንም፣ በሸዋ ግን ሁለቱም ሥርዓት በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከደጅ ያለው ማሳ የሞፈርና የባል ነው፤ ከጎጆው ጀርባ ያለው ጓሮ የመኮትኮቻና የሚስት ነው።

ጓሮው ትንሽ ይሁን እንጂ ከግቢው ሁሉ የለማ መሬት ነው። የምድጃ አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ የበረት ፍግ በየቀኑ ይደፋበታልና። በዚያ ላይ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዱባ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ይበቅሉበታል። ዛሬ የደጋ ምግብ ሆኖ የሚቆጠረው ድንች በአንጻሩ እንግዳ ተክል ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለው የጀርመን የዕፀዋት ተመራማሪ ሲሆን፣ ዘመኑም በ1858 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የጓሮው ጥቅም የሚታወቀው በሁለት ወቅት ነው። አንደኛው ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የዐምናው እህል በጎተራ ሲመናመን፣ አዲሱም ገና ሳይደርስ፣ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ጎመን ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አነጋገር ዛሬ የጨዋታ መጽናኛ ይመስላል፤ ነገር ግን የክረምቱን ጎተራ ለሚያውቅ ሰው እውነተኛ ኑሮ ያለበት ቃል ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከዓመቱ ውስጥ ከ180 የማያንሰው ቀን የጾም ቀን ስለ ሆነ፣ ሥጋና ወተት በማይቀርብበት በዚያ ሁሉ ቀን ከሽሮው ጋር ገበታውን የሚሞላው የጓሮ ፍሬ ነው። በጾሙ የማይጠጣው ወተትም ተንጦ ቅቤ ሆኖ ለሽያጭ ይቀመጣል። እንዲህ ሲታይ የጾም ሥርዓት የጓዳው የሥራ መቍጠሪያም ነበረ ማለት ይቻላል።

የሚጣልና የሚነሣ ሥራ

በዚያው በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁዲት ብራውን የተባሉ አሜሪካዊት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ስለ ወንድና ሴት የሥራ ክፍፍል አጭር ጽሑፍ አውጥተው ነበር። እንደ እርሳቸው አሳብ፣ በየአገሩ የሴት ሥራ ሆኖ የሚገኘው ሕፃን እየጠበቁ ሊሠሩት የሚቻል ሥራ ነው። ይህም ሥራ ከቤት የማያርቅ፣ ለሕፃኑ አደጋ የሌለበት፣ ተቋርጦም ያለ ጉዳት እንደገና ሊጀመር የሚችል መሆን አለበት። የሸዋ እመቤት የእጅ ሥራ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ልክ ሆኖ ይገኛል።

ጥጥ በሰንዳፋ ደጋ አይበቅልም፤ ከቆላው መጥቶ በገበያ ይገዛል። እመቤቲቱ ፍሬውን በመዳመጫ ታወጣለች፣ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ባዘቶ አድርጋም በእንዝርት ትፈትለዋለች። እንዝርት ቀላል ነው፤ ወደ ጎረቤት ቡና ይዘውት ይሄዳሉ፤ ልጅ ሲያለቅስ ያስቀምጡታል፤ እንጀራው እስኪበስል ያነሡታል። ስፌትም እንደዚሁ ነው። ከክረምት በኋላ ሣሩ ሲደርስ ከግጦሹና ከወንዙ ዳር አክርማና ስንደዶ ይሰበሰባል፤ ይደርቃል፤ ከፊሉ በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከዚያም በወስፌ እየተሰፋ ሰፌዱ፣ ሌማቱና ሞሰቡ በብዙ ቀን፣ አንዳንዱም በብዙ ወር ይፈጸማል። ጀማሪዋ እናት ሆና ፈጻሚዋ ልጅ የምትሆንበትም ጊዜ አለ፤ ልጅቱ ሞያ የምትማረው በዚህ ዐይነት ነውና። ጓሮውም እንዲሁ ከደጃፍ ሳይርቁ በአንቀልባ ልጅ አዝሎ የሚኮተኮት ነው።

በአንጻሩ የሸማኔው መሣሪያ በጕድጓድ ላይ የተተከለ ስለ ሆነ ከቦታው አይነሣም፤ ሥራውም የተቋረጠ እንደ ሆነ ይበላሻል። ስለዚህ ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ሆኖ ኖረ። የሚያስደንቀው ግን የክብሩ አከፋፈል ነው። መፍተል ከባላገር ሚስት ጀምሮ እስከ ወይዛዝርቱ ድረስ የሚያስመሰግን ሞያ ሲሆን፣ ያንኑ ክር የሚሸምነው ሰው ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያሳያል።

የጓዳ ገንዘብ

ይህ ሁሉ ሥራ የተደላደለው በጊዜ አከፋፈል ብቻ አልነበረም። ሌላም ምሰሶ ነበረው፤ እርሱም የገቢው ባለቤትነት ነው። ከማሳው የሚገኘው እህል በባል ሥልጣን ሥር ሲሆን፣ ከጓሮ፣ ከዶሮ፣ ከፈትልና ከቅቤ የሚገኘው ጥቂት ገንዘብ ግን በልማድ የሚስት ነበረ። በኦሮሞው ባህል ወተትና ቅቤ በእመቤቲቱ እጅ የሚጠበቅ ሀብት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በአቴቴ ሥርዓት ቅቤ ያለው ክብርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአማራውም ቤት ባል ስለ እንቍላሉና ስለ ሽንኩርቱ ሒሳብ ቢጠይቅ እንደ ነውር ይቆጠርበት ነበር።

ገንዘቡ ለጨው፣ ለቡና፣ ለበርበሬ፣ ለልጆች ልብስ፣ ለማኅበርና ለለቅሶ ይውላል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚያወጡት ገንዘብ በመሆኑ ክብደቱ ከመጠኑ ይበልጣል። እመቤቲቱ ከሌሊት እስከ ሌሊት የምትደክምበት ምክንያትም ከፊሉ በዚህ ይገለጻል። ሥራው በሥራ ላይ ሲደራረብባት የሚደግፋት ፍሬው ወደ እጇ መመለሱ ነው።

ይህን ማለት የቀድሞውን ኑሮ ማሳመር አይደለም። ከሁሉ የከበደው ድካም ወፍጮ ነበረ። እመቤቲቱ ሌሊት ተነሥታ በድንጋይ ላይ ተደፍታ ትፈጫለች፤ ከራሷም ቤት አልፎ የገባሩ ሚስት ለመልከኛው ቤት እህል የመፍጨት ግዴታ ነበረባት። ይህ ግዴታ በሕግ የቀረው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1930ዎቹ የመሬት ግብር ዐዋጆች በወጡ ጊዜ ነው። ውሃ መቅዳቱ፣ ኩበት መጠፍጠፉና እንጨት መልቀሙ ደግሞ ከዚያም ወዲህ ኖሯል።

ከተማው ሲቆረቆር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ ላለው ቤት ሁሉ አዲስ ገበያ ተከፈተ። ወታደሩ፣ መኳንንቱ፣ ነጋዴውና የውጭ አገር መልእክተኛው የማያርሱ፣ ነገር ግን የሚበሉና የሚለብሱ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ለመንደር ገበያ ብቻ ይወጣ የነበረው ቅቤ፣ እንቍላል፣ ጌሾ፣ ሰፌድና ኩበት በአህያና በሴት ጀርባ ወደ ከተማው ይጎርፍ ጀመር። በመጀመሪያው ዘመን ይህ ለእመቤቲቱ ጥቅም ነበረ፤ የጓዳው ገንዘብ በዝቶላታልና።

ነገር ግን ከተማው ገዢ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ አቡጀዲና የፋብሪካ ክር በርካሽ ይገባ ጀመር፤ በኋላም በድሬዳዋና በአቃቂ የአገር ውስጥ የጥጥ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ። ሸማኔው ጠንካራውንና እኩል የሆነውን የፋብሪካ ክር ለድር መረጠ፤ የእጅ ፈትል ለማግ ብቻ ተፈላጊ ሆነ። በሽሮ ሜዳ የሚሸምኑት የጋሞ ባለሞያዎች ሥራቸውን እያሰፉ ሲሄዱ፣ በየጎጆው የምትፈትለው ሴት ግን የክሯን ግማሽ ገበያ አጣች። በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ ላይ ቢሄዱም ከመንዝ የባና ሥራ ጎን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተነሥቷል።

እዚህ ላይ ሁለቱን መኪናዎች ማነጻጸር ይገባል። የሞተር ወፍጮ በየገበያው ሲተከል ከእመቤቲቱ ትከሻ ላይ ከሁሉ የከበደውን ድካም አወረደላት፤ መፍጨት ለቤተሰቡ የማይከፈልበት ሥራ ስለ ነበረ የቀረባት ገቢ የለም። የመፍተያው መኪና ግን የተቀመጡበትን፣ የሚጫወቱበትን፣ ገንዘብም የሚያስገኘውን ሥራ ወሰደባት። አንዱ ድካሟን ወሰደ፤ ሁለተኛው ገቢዋን ወሰደ። በዚያም ላይ ወፍጮ ቤት ጥሬ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፣ ገንዘብ በተፈለገበት በዚያው ዘመን የገንዘቡ ምንጭ ደረቀ። ስለ ሥልጣኔ ጥቅምና ጉዳት ሲነገር ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ወተቱም የተከተለው መንገድ ከዚህ አይርቅም። በ1939 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ዝርያ የወተት ከብቶች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ቀስ በቀስም ሾላ ላይ የወተት ፋብሪካ ተቋቁሞ ከሱሉልታ፣ ከሰላሌና ከሌሎቹም መንገዶች ወተት ይሰበሰብ ጀመር። ወተት ጥሬውን ሲሸጥ የመናጡ ድካም ይቀራል፤ ነገር ግን በቅቤ ፈንታ በየወሩ በመዝገብ የሚከፈለው ገንዘብ በብዙ ቤት የሚወጣው በቤቱ አባወራ ስም ሆነ። የከብቱ በረት መጥረግና ማለብ ግን ከሴቲቱ እጅ አልወጣም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝና በአሜሪካም አይብና ቅቤ የገበሬ ሚስት ሞያና ገቢ ነበረ። በ1851 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ ግዛት የመጀመሪያው የአይብ ፋብሪካ ከተከፈተ በኋላ፣ ሞያው ቀስ በቀስ ወደ ወንዶች እጅ ተላለፈ። የእጅ ፈትልም ከዚያ በፊት በእንግሊዝ የመፍተያ መኪና ሲመጣ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል።

የአትክልቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ የሚፈልገው የከተማ ሕዝብ፣ ይልቁንም በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ፣ ሲበዛ ከአቃቂ ወንዞች ዳርና ከሌሎቹም ጅረቶች አጠገብ በመስኖ የሚለማ የአትክልት እርሻ ተስፋፋ። ይህ እርሻ ለገበያ የሚሠራ፣ ውሃና ካፒታል የሚጠይቅ ስለ ሆነ በአብዛኛው የወንዶች ሥራ ሆነ። አትክልት መኮትኮት የሴት ሥራ ነው ይባል የነበረው ገንዘቡ ትንሽ እስከ ነበረ ድረስ ብቻ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

የሕጉ መንገድ

ሕጉ በዚህ ጉዳይ የተጓዘው በዝግታ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አደረገው፤ ከሚስት ከራሷ ደመወዝና ገቢ በቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም እርሱ ሆነ። ባል አገልጋይ ለማቅረብ ያልቻለ እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ሕጉ በግልጽ አዘዘ። የቤት ሥራ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ የተጠራው እንግዲህ እንደ ግዴታ እንጂ እንደ ሀብት ምንጭ አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ያለ ጾታ ልዩነት መሬትን ለሚያርሰው ሁሉ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ሆኖም በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚጻፈው በአብዛኛው የአባወራው ስም ስለ ነበረ፣ ባለትዳሯ ሴት በባልዋ በኩል እንጂ በራሷ ስም ባለመሬት አልሆነችም። የባልና የሚስትን እኩልነት በትዳር ውስጥ ያጸናው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሷን የቤተሰብ ሕግ አወጣች። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ በያዙት መሬት ላይ ማረጋገጫው በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አደረገ። ነገር ግን ስሟ በደብተሩ ላይ በተጻፈበት ዘመን በከተማው ዙሪያ ያለው መሬት ራሱ መነሣት ጀምሮ ነበር።

መሬቱ ሲጠብ

በሰንዳፋ አጠገብ የሚገኘው የለገዳዲ ግድብ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲያቀርብ ኖሯል። በ2000 ዓ.ም. ሰንዳፋና ሌሎቹ በዙሪያው ያሉ ከተሞች በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተካተቱ፤ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድ ፕላን ለማያያዝ የታሰበው ዕቅድም ብዙ ሕይወት የጠፋበት ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። በዚያው ዓመት በሰንዳፋ አጠገብ ለአዲስ አበባ የተሠራው የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ፤ ገበሬዎቹ ሽታውንና በከብታቸው ላይ የደረሰውን ጉዳት በመቃወማቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቀድሞው ቦታ ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል።

እነዚህ ነገሮች የፖለቲካ ታሪክ ተደርገው ይታያሉ፤ ናቸውም። ከጓዳ በኩል ሲታዩ ግን ሌላ መልክ አላቸው። መሬት ሲለካ ካሳ የሚታሰበው በማሳው ላይ ለሚበቅለው እህል፣ ለቤቱና ለዛፉ ነው። ግጦሹ ሲታጠር አክርማውና ስንደዶው አብረው ይጠፋሉ፤ ስለ ሣር የሚከፍል ግን የለም። ከብቱ ሲቀንስ ፍጉ ይቀንሳል፤ የተረፈውም ኩበት ሆኖ ወደ ከተማው ስለሚሸጥ ጓሮው ማዳበሪያውን ያጣል። በጓሮው ዳር ለሽያጭ የሚተከለው ባሕር ዛፍም ውሃውንና ፀሐዩን ይሻማል። ጓሮ፣ በረት፣ ግጦሽና ጓዳ እንደ ድርና ማግ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲመዘዝ ሌላው ይላላል።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰበታ፣ በሆለታና በሌሎቹም ቦታዎች የአበባ እርሻዎች ተቋቁመዋል፤ ከሠራተኞቻቸው ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ደመወዙ በራሷ ስም መከፈሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቀድሞው የጓዳ ገንዘብ በአዲስ መልክ የመጣ ሊመስልም ይችላል። ነገር ግን ይህ ሥራ የሚጣልና የሚነሣ አይደለም። ሰዓቱ የተወሰነ ነው፤ ሕፃን አዝለው አይገቡበትም። ስለዚህ ልጁ ለአያት ወይም ለታላቅ እኅቱ ይተዋል፤ የታላቅ እኅት ዋጋም ብዙ ጊዜ ከትምህርቷ ላይ ይወጣል።

በዚያው በሰበታ ሌላ ምሳሌ አለ። የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል መነኮሳይያት በእጅ ሥራ፣ በአትክልትና በወተት ውጤት ራሳቸውን እየረዱ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች አሳድገዋል። ገዳሙ ቤተሰብ አይደለም፤ ቢሆንም ልጅ ማሳደግ፣ መኮትኮትና የእጅ ሞያ በአንድ አጥር ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉት መሬቱ የጋራ ሲሆን፣ ሥራው በብዙ እጅ ሲከፈል፣ ፍሬውም ለሠሩት ሲመለስ መሆኑን ያስረዳል።

መደምደሚያ

መንግሥታት ስለ ቤት እመቤት ሥራ ማሰብ የጀመሩት ትናንት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ለገጠር ሴቶች የቤት አያያዝ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የወተት፣ የእንቍላል፣ የዶሮና የማር ልማት ዘመቻም «የሌማት ትሩፋት» ተብሏል። ስሙ የተወሰደው ከሴት እጅ ሥራ ነው፤ ሌማትን የሚሰፋት ሴት ናትና። ዘመቻው ሲመዘን ግን ትሩፋቱ ስንት ሊትርና ስንት ደርዘን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር፣ በማን እጅ ገባ የሚለውም ጥያቄ አብሮ መነሣት ይኖርበታል።

ከላይ የተመለከተው ታሪክ ይህን ያስገነዝባል። የቤት ኑሮ፣ የእጅ ሥራና የጓሮ አትክልት ተስማምተው የኖሩት እመቤቲቱ ከሰው በላይ ብርቱ ስለ ነበረች አይደለም። ሥራው ከቤት የማያርቅ፣ ለልጅ የሚቋረጥ፣ ሣሩና ፍጉ ያለ ዋጋ የሚገኝ፣ ገንዘቡም የራሷ ስለ ነበረ ነው። በሰንዳፋና በአካባቢዋ ከነዚህ አንዱ ሲጎድል የቀሩት ሦስቱ ከብደዋል፤ ሁለቱ ሲጎድሉም ሥርዓቱ ፈርሶ ድካሙ ብቻ ቀርቷል። ከተማው ገና ወደሚደርስባቸው ሌሎች አገሮች የሚሄዱ ተመራማሪዎችና ባለ ዕቅዶች እንግዲህ ማሳውን ከለኩ በኋላ ወደ ጓሮው ዞረው፣ በዚያ ስለሚበቅለው ነገር፣ ስለሚሠራውና ገንዘቡን ስለሚይዘው ሰው ሊጠይቁ ይገባል።